ደንቡን አሟልቶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ፕላን

ጉዳዩ በአጭሩ

አንድ ቤተሰብ ፎቅ በሌላቸው ነባር ቤቶች መካከል ጂ ፕላስ ዋን መኖሪያ ቤት ለመሥራት ፕላን አስገባ። ፕላኑ የከተማውን የዲዛይን መስፈርት በቁጥር በቁጥሩ አሟልቷል። ከፍታው ልክ ነው። ከወሰን የራቀው ልክ ነው። የያዘው መሬትም ልክ ነው። ሆኖም ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ጸደቀ። የጸደቀው ቤት ከመጀመሪያው በ21 ካሬ ሜትር ያንሳል፤ አንድም ክፍል ግን አልተቀነሰም።

እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ፕላኑ ሁለተኛ ከተመለሰ በኋላ ነው። ባለቤቶቹ ሌላ አርክቴክት እንዲያይላቸው ፈለጉ። ጉዳዩን ልመዘግበው የወሰንኩት ብርቅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በየከተማው ይደጋገማል። የገረመኝ ባለቤቶቹም፣ አርክቴክቱም፣ የፕላን መርማሪውም፣ ጎረቤቲቱም በየበኩላቸው እውነት መያዛቸው ነው። የሰዎቹንና የከተማውን ስም ትቻለሁ።

ቦታው፣ ቤተሰቡና ደንቡ

ቦታው ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 24 ሜትር ነው። በጠቅላላው 240 ካሬ ሜትር ይሆናል። በግራና በቀኝ ፎቅ የሌላቸው ቤቶች አሉ። በቀኝ በኩል የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ጓሯቸው ከአዲሱ ቤት ጎን ነው የሚውለው። ልብስ የሚያሰጡት እዚያ ነው። አትክልታቸውም እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡትም እዚያው ነው።

ቤተሰቡ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና የባል እናት ናቸው። እናት ደረጃ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ምድር ላይ አንድ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ያስፈልጋል። ፎቅ ላይ ሦስት መኝታ ቤት ተፈልጓል። ሁለት መኪናም አለ።

የከተማው መስፈርት ሁለት ዓይነት አንቀጾች ነበሩት። አንደኛው ዓይነት በሜትር የሚለካ ነው። ቤቱ ከፊት ወሰን 4 ሜትር፣ ከጎን 1.5 ሜትር፣ ከኋላ 5 ሜትር ይራቅ። ከቦታው ከ50 በመቶ በላይ አይሸፍን። ከፍታው ከ8 ሜትር አይለፍ። የመኪና በር ከቤቱ ፊት ስፋት ከግማሽ በላይ አይያዝ። የፊቱ ግድግዳ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማቴሪያል ይጠናቀቅ። ሁለተኛው ዓይነት በቃል ብቻ የተጻፈ ነው፦ ቤቱ «ከአካባቢው ገጽታ ጋር የተጣጣመ» ይሁን፤ የጎረቤትን «ምቾት የማያውክ» ይሁን።

ይህ ድብልቅ በብዙ አገር አለ። ደንቡ ቃል ብቻ ሲሆን መርማሪው እንደ ስሜቱ ይፈርዳል የሚል ቅሬታ ይመጣል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2019 ባወጣቻቸው የቤቶች ሕጎች ለብዙ የመኖሪያ ፕሮጀክቶች ይህን በር ለመዝጋት ሞክራለች። ከተሞች ፕሮጀክቱን የሚመዝኑት የባለሥልጣን የግል ግምት በማይጠይቅና ማንም ለክቶ ሊያረጋግጠው በሚችል መስፈርት እንዲሆን አድርጋለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ቁጥር ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ይህ ጉዳይ ያሳያል።

ችግሩ

የመጀመሪያው አርክቴክት የተፈቀደለትን ሳጥን ሙሉ በሙሉ ሞላው። ከ10 ሜትር ላይ በሁለቱም ጎን 1.5 ሲቀነስ 7 ይቀራል። ከ24 ላይ 4 እና 5 ሲቀነስ 15 ይቀራል። ቤቱ 7 በ15 ሆነ። ጣሪያው ዝርግ ነው፤ ዙሪያውን አንድ ሜትር ፓራፔት (ከጣሪያው በላይ የሚወጣ አጭር ግድግዳ) አለው። ከፍታው ከመሬት 7.9 ሜትር ደረሰ። የተፈቀደው 8 ነበር።

ፊቱ ላይ የመኪና በሩ 3.5 ሜትር ተደረገ፤ የ7 ሜትር ልክ ግማሽ። አጠገቡ ደግሞ 2.6 ሜትር በር ያለው «መጋዘን» ተቀመጠ። ለሁለተኛው መኪና መሆኑን ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት የሰው መግቢያ ወደ ጎን፣ ወደ 1.5 ሜትሯ መተላለፊያ ገባ። ከመንገድ ሲታይ ምድር ላይ አንድ መስኮት እንኳ የለም። ሁለት የብረት በር ብቻ ነው።

ፎቁ ላይ ደግሞ ሁለቱ መኝታ ቤቶች መስኮታቸውን ወደ ቀኝ ከፈቱ። የመስኮቱ ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። እዚያ የቆመ ሰው የጎረቤቲቱን ጓሮ ቁልቁል ያያል።

መርማሪው ፕላኑን ሲመልስ የጻፈው «ከአካባቢው ገጽታ ጋር አልተጣጣመም» የሚል አንድ መስመር ነው። አርክቴክቱ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ ጠየቀ። ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። ስለዚህ የገባውን ያህል አስተካከለ። ፊቱ ላይ ድንጋይ ለጠፈ፣ ቀለም ቀየረ፣ ከፊት ብቻ የሚታይ ተዳፋት ጣሪያ ጨመረ። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። እንደገና ተመለሰ። በዚህኛው ዙር የጎረቤቲቱ የጽሑፍ ተቃውሞ አብሮ ተያይዞ ነበር።

ባለቤቶቹ ሆድ ብሷቸው ነበር። «ሕጉ ያለውን ሁሉ አደረግን፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መርማሪውም ቢሆን መንገዱን የሚዘጋ፣ ጎረቤትን የሚያስጨንቅ ቤት ሲያይ ማሳለፍ አልፈለገም። ያጠፋው አስተያየቱን ሰው ሊሠራበት በሚችል መልክ ባለመጻፉ ነው። «አልተጣጣመም» የሚል ጽሑፍ ይዞ እርሳስ የሚያነሳ አርክቴክት ድንጋይ ከመለጠፍ ሌላ ምን ያደርጋል?

የተወሰዱ እርምጃዎች

*ቅሬታውን መፍታት።* መጀመሪያ የተደረገው ሥዕል መሣል አልነበረም። ሚስትየዋ ጎረቤቲቱ ቤት ሄደች።

«እማማ፣ ፎቁ ነው ያስከፋዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ፎቁ ምን አደረገኝ ልጄ። ልብስ ሳሰጣ ከላይ ሰው እንዳያየኝ ነው። ደግሞ አትክልቴ ፀሐይ ያጣል።»

በዚህ ንግግር «ምቾት የማያውክ» የሚለው አንቀጽ ሁለት ነገር ሆነ፦ ዓይንና ፀሐይ። ሁለቱም ይለካሉ። መርማሪውን ደግሞ በግንባር ስናነጋግረው ያስጨነቀው የቤቱ መልክ ወይም ቀለሙ እንዳልሆነ ገባን። መንገዱ ላይ በርና መስኮት አለመኖሩ ነው። «በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለት የብረት በር ብቻ ነው የሚያየው» አለ። ይህን ጽፎት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ዙር ባልባከነ።

*ጎረቤትን ወረቀቱ ላይ ማምጣት።* እስከዚያ ድረስ የገቡት ሥዕሎች ሁሉ አጥሩ ላይ ያበቃሉ። በሳይት ፕላኑ (ግቢውን ከላይ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ የጎረቤት ቤት ባዶ አራት ማዕዘን ነው። እኛ በፈቃዳቸው ጓሯቸውን፣ መስኮቶቻቸውንና የአጥሩን ከፍታ ለካን። ከዚያ ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ የሚሰነጥቅ ሴክሽን ሠራን፤ ከላይ እስከ ታች ተቆርጠው ከጎን ሲታዩ የሚያሳይ ሥዕል ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ ምረጥ ብባል ያንን ሴክሽን እመርጣለሁ። ባለቤቱ ራሱ ሲያየው ዝም አለ፤ ከዚያ «ለካ አፍንጫቸው ላይ ነው የቆምነው» አለ።

*ዓይን።* የመርማሪው የመጀመሪያ ሐሳብ ቤቱ ከቀኝ ወሰን 1.5 ሳይሆን 3 ሜትር ይራቅ የሚል ነበር። ሲሰሙት ተገቢ ይመስላል። ሴክሽኑ ላይ ሲለካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፎቁ ወለል ከመሬት 3.6 ሜትር ላይ ነው። የቆመ ሰው ዓይን ተጨማሪ 1.6 ሜትር ገደማ ስለሚሆን 5.2 ላይ ይደርሳል። አጥሩ 2 ሜትር ነው። ቤቱ 1.5 ሜትር ሲርቅ አጥሩ ከዓይን የሚሸፍነው የጓሮ መሬት 0.9 ሜትር ያህል ነው። 3 ሜትር ሲርቅ 1.9 ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ብቻ ተገኘ ማለት ነው። በምትኩ ባለ 7 ሜትሩ ቤት 5.5 ይሆናል፤ አንድ ረድፍ ክፍል ይጠፋል። ጎረቤቲቱም አሁንም ይታያሉ።

ርቀት ለግላዊነት ደካማ መሣሪያ ነው። በእንግሊዝ በትይዩ የኋላ መስኮቶች መካከል 21 ሜትር ይኑር የሚል የቆየ ልማድ አለ። የቁጥሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ መኖሪያ ቤቶች አሠራር የወጣው የቱዶር ዋልተርስ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ 70 ጫማ (21 ሜትር ገደማ) ያለው በብርድ ወራት ዝቅ ብላ የምትሄደው ፀሐይ ቤት ውስጥ እንድትገባ ነበር። ኋላ ምክንያቱ ተረሳና ቁጥሩ የግላዊነት መለኪያ ሆኖ ሠራ። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ደንብ ግን ነገሩን ከዓይን ይጀምራል። የፎቅ መስኮት በ9 ሜትር ውስጥ የጎረቤትን ጓሮ ወይም መስኮት የሚያይ ከሆነ፣ ታችኛ ጠርዙ ከወለሉ ቢያንስ 1.7 ሜትር ይሁን፤ ወይም እስከዚያ ከፍታ በማያሳይ መስታወት ወይም በመከለያ ይሸፈን። ቤቱን አያርቅም፤ መስኮቱን ከቆመ ሰው ዓይን በላይ ያደርገዋል።

ይህን ወሰድን። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግጭት አለ። 1.7 ሜትር ላይ የተሰቀለ መስኮት በእሳት ጊዜ ማምለጫ አይሆንም። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሞዴል ኮድ (ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ተቀብለው የሚጠቀሙበት የናሙና ደንብ) ለመኝታ ቤት የማምለጫ መስኮት ታችኛ ጠርዙ ከወለል ከ1.12 ሜትር በላይ እንዳይሆን፣ ክፍተቱም 0.53 ካሬ ሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱ መስፈርቶች አንድ መስኮት ላይ አብረው አይሆኑም። መፍትሔው ክፍሎቹን ማዛወር ነው። ሁለት መኝታ ቤቶች ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት ሄዱ። ደረጃውና መታጠቢያ ቤቱ በመካከል፣ በጎረቤቲቱ በኩል ተቀመጡ። እነሱ ከፍ ያለ መስኮት ቢኖራቸው ማንም አይጎዳም። መኝታ ቤቶቹ ደግሞ ሰው የሚወጣበት ዝቅ ያለ መስኮታቸውን አገኙ።

*ፀሐይ።* የጥላን ነገር ሰው የሚፈራው ስሌት ስለሚመስለው ነው። ቀላል ነው። ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን ያህል ነው። 30 ዲግሪ ላይ 1.73 እጥፍ ይሆናል። የቀትር ፀሐይ ከፍታ ደግሞ ከ90 ላይ፣ ቦታው ባለበት ኬክሮስና ፀሐይዋ በዚያ ቀን በአናቱ ባለችበት ኬክሮስ መካከል ያለው ልዩነት ሲቀነስ ይገኛል። ፀሐይዋ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ 23.4 ዲግሪ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ትሄዳለች።

በመጀመሪያው ፕላን 7.9 ሜትር የሆነው ጠርዝ 30 ዲግሪ ላይ 13.7 ሜትር ጥላ ይጥላል። 1.5 ሜትሯ መተላለፊያ ስትቀነስ 12.2 ሜትር ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይገባል። የግቢው ስፋት 10 ሜትር ነው። ፀሐይ በዚያ ከፍታ ላይ ስትሆን ጓሮው ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። አትክልታቸው ፀሐይ ያጣል ያሉት በግምት አልነበረም።

ሁለት ለውጥ ተደረገ። ዝርግ ጣሪያውና ፓራፔቱ ቀረ። በምትኩ ከጎረቤቲቱ በኩል ዝቅ ብሎ የሚጀምር ተዳፋት ጣሪያ ሆነ። በዚያ በኩል የግድግዳው ከፍታ 5.8 ሜትር ነው፤ የጣሪያው ጫፍ ከዚያ ግድግዳ 4 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ 7.4 ይደርሳል። አሁን 30 ዲግሪ ላይ ጥላው ጎረቤት ግቢ ውስጥ የሚገባው 8.5 ሜትር ነው። 45 ዲግሪ ላይ ከ6.4 ወደ 4.3 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ፎቁ ከኋላ በኩል 3 ሜትር አጠረ። የመጨረሻው 3 ሜትር ፎቅ የለውም። ጓሮው ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ ጥላም አነሰ። የተቀነሰችው 21 ካሬ ሜትር ይቺ ናት። ከምንም አልመጣችም፤ አብዛኛው የሰፊ ኮሪደር ትርፍ ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣችው ደንብ ረጃጅም ሕንፃዎች ወደ ላይ ሲወጡ ደረጃ እየሠሩ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ አዝዛለች። ዓላማው መንገዱ ላይ ብርሃንና አየር እንዲደርስ ነበር። የሕንፃው ጠቅላላ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ጠርዙ የት ላይ ነው የሚለው ወሳኝ ነው። የእኛ ከተማ ደንብ ግን «8 ሜትር» ብሎ ያቆማል።

*የመንገዱ ፊት።* ሁለት መኪና የግድ ነው ተባለ። ጎን ለጎን ማቆም ፊቱን ይበላል። ስለዚህ አንድ ባለ 3 ሜትር በር ቀረ፤ በሩም ከፊቱ ግድግዳ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ገባ። ከወሰን ያለው 4 ሜትር ሲጨመርበት ከበሩ ፊት 5.5 ሜትር ተገኘ። ሁለተኛው መኪና እዚያ ይቆማል። ቀሪው 4 ሜትር የሰው መግቢያና የእናት መኝታ ቤት ሆነ። ይህኛው ለውጥ ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ነው። መጀመሪያ የእናት ክፍል ከማድ ቤቱ ኋላ፣ ጨለማ ጥግ ላይ ነበር። አሁን መስኮታቸው መንገድ ያያል። መርማሪው የፈለገው «ዓይን ያለው ፊት» እናት ባይኖሩ ኖሮ በተሰቀለ ማስጌጫ ይሞላ ነበር።

*ውስጡ።* እግረ መንገዳችንን ክፍሎቹንና ደረጃውንም አየን። አንደኛው የፎቅ መኝታ ቤት 2.3 በ5.2 ሜትር ነበር፤ 12 ካሬ ሜትር ገደማ። የስፋት መስፈርቱን ያልፋል። ሁለት ሰው የሚተኛበት አልጋ ተዘርግቶ ግን ቁም ሣጥኑ አይከፈትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የቤት ስፋት መስፈርት ለሁለት ሰው መኝታ ቤት 11.5 ካሬ ሜትር ካለ በኋላ ለዋናው መኝታ ቤት ወርዱ ቢያንስ 2.75 ሜትር ይሁን ይላል። ለአንድ ሰው 7.5 ካሬ ሜትርና 2.15 ሜትር ወርድ። ካሬ ሜትርን ከወርድ ጋር ማሰር እንዲህ ያለውን ጠባብ ቦይ ይከለክላል።

ደረጃው 3.3 ሜትር በ16 እርከን ይወጣ ነበር። እያንዳንዱ እርከን 206 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ እግር የሚያርፍበት 220 ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንደል እንዳለው የከፍታው እጥፍና መርገጫው ተደምረው አንድ እርምጃ ሊሆኑ ይገባል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 640 ሚሊ ሜትር ይወሰዳል። ይህ ደረጃ 632 ይመጣል፤ ስሌቱን ያልፋል። ያም ሆኖ ገደል ነው። የአሜሪካው ሞዴል ኮድ ከፍታው ከ196 እንዳይበልጥ፣ መርገጫው ከ254 እንዳያንስ ስለሚል ይወድቃል። የሚገርመው ጥላ ለመቀነስ ብለን የወለል ከፍታውን ወደ 2.9 ሜትር ስናወርድ ደረጃውም አብሮ ተስተካከለ። ያው 16 እርከን አሁን 181 ሚሊ ሜትር ሆነ። መርገጫውን 260 አደረግነው።

የሠራው

ሦስተኛው ማመልከቻ ሲገባ ከሥዕሎቹ ጋር አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ተያይዞ ነበር። በአንድ በኩል የደንቡ አንቀጽ፣ ቀጥሎ አንቀጹ ሊጠብቀው የፈለገው ነገር፣ ከዚያ ፕላኑ ያንን እንዴት እንዳሟላ። «የተጣጣመ» የሚለው ቃል እንኳ ሦስት ነገር ሆኖ ተጻፈ፦ መንገዱን የሚያይ መስኮትና በር፣ በጎረቤት ጣሪያ አቅጣጫ ዝቅ የሚል ጠርዝ፣ ከግማሽ ያነሰ የመኪና በር። መርማሪው የሚከራከርበት ነገር ካለ በአንዱ ላይ መከራከር ይችላል። አልተከራከረም።

ጎረቤቲቱ ተቃውሟቸውን ያነሱት ፕላኑ ከመግባቱ በፊት ነው። ሴክሽኑ ላይ ራሳቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ሳቁ። የሚያነቡት ሥዕል ሲያገኙ መተማመን መጣ። የወለል ፕላን ለባለሙያ እንጂ ለጎረቤት አይናገርም።

ያልሠራው

የሁለት ማቴሪያል አንቀጽን ማስነሳት አልተቻለም። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አላገኘንም፤ ምናልባት ቤቶች አንድ ወጥ እንዳይሆኑ ነው። ፕላኑ እንዲያልፍ ከታች በኩል የድንጋይ ልጣፍ ተደረገ። ልጣፉ ከላይ በኩል ውኃ ማንጠባጠቢያ ስላልተሠራለት ከኋላው እርጥበት ገብቶ ልስኑ ጠቆረ። ይህን ዓይነት አንቀጽ ብሰርዘው ደስ ይለኛል። የቤት ፊት የሚያምረው በመስኮቶቹ ልክና አቀማመጥ ነው። ለልጣፍ የሚወጣው ገንዘብ ለጣሪያ ክፈፍና ለአሸንዳ ቢውል ግድግዳው ራሱ ዕድሜ ያገኝ ነበር።

ከኋላ ያሉት ሁለት መስኮቶች በሰያፍ ጓሮውን እንዳያዩ 60 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ የጎን መከለያ ግድግዳ ተሠራላቸው። በከፊል ብቻ ነው የሠራው። መስኮቱ ላይ ተጠግቶ ዘንበል ያለ ሰው አሁንም ያያል። በዚያ ላይ የአንደኛው ክፍል ብርሃን ቀነሰ።

ዋናው ክፍተት ግን በግራ በኩል ነው። የግራው ጎረቤት ተቃውሞ አላቀረበም። ደንቡም የሚሰማው ቅሬታ ያቀረበን ሰው ነው። ስለዚህ የእሱን ቤት ወረቀት ላይ ያመጣ አልነበረም። ክፍሎቹ ሲዛወሩ የማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ ወደ ግራ ዞረ። ቤቱ ተሠርቶ ሲገባበት ጭስ ማውጫው ከግራው ጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ትይዩ ሆኖ ተገኘ። ከፍታን፣ ርቀትንና ማቴሪያልን የሚለካው መስፈርት ስለ ሽታና ስለ ማሽን ድምፅ አንድ ቃል የለውም። በኋላ ቱቦውን ወደ ጣሪያ መውሰድ ተቻለ፤ ግን ያለቀ ኮርኒስ ተፈርሶ ነው።

ደንቡም እንዳለ ነው። «የተጣጣመ» የሚለው ቃል ትናንት ይህን ቤተሰብ እንዳንገላታ ነገም ሌላውን ያንገላታል።

ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ደንብ ለሚጽፍ ሰው። ቁጥሩ አጠገብ ምክንያቱ ይጻፍ። ምክንያት የሌለው ቁጥር መርማሪውንም አመልካቹንም ያሳውራል። ከዚህ ጉዳይ ተነስቼ አንቀጹን ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ዓላማ፦ ከአዲስ ቤት ፎቅ ላይ የጎረቤት ጓሮና መኝታ ቤት በቀጥታ እንዳይታይ። ልኬት፦ በ9 ሜትር ውስጥ ጓሮ ወይም መስኮት የሚያይ የፎቅ መስኮት ታችኛ ጠርዙ ከወለል 1.7 ሜትር ይሁን፤ ወይም እስከዚያ ከፍታ በማያሳይ ነገር ይሸፈን። የመኝታ ቤት ማምለጫ መስኮት በሌላ አቅጣጫ ይሁን። አማራጭ፦ አመልካቹ ዓላማው በሌላ መንገድ መሟላቱን በሴክሽን ካሳየ ተቀባይነት አለው።» ረዝሟል፤ ግን ሁለት ዙር ከመመላለስ ያጠረ ነው። አማራጩ ባይኖር ጥሩ አርክቴክት ይታሰራል። ልኬቱ ባይኖር ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ክርክር ይመለሳል።

ለመርማሪ። ፕላን ሲመለስ አንቀጹ፣ የሚጎዳው ሰው ወይም ነገር፣ ሊለወጥ የሚገባው የሕንፃው ክፍል ይጠቀሱ። ሦስት መስመር ይበቃል። ሌላው፣ የሳይት ፕላን መቀበያ ዝርዝር ውስጥ የሁለቱም ጎን ጎረቤቶች መስኮትና ጓሮ እንዲታይ መጠየቅ ነው። ቅሬታ ያቀረበውም ያላቀረበውም።

ለአርክቴክት። የተፈቀደ ከፍተኛ ልክ መድረሻ አይደለም። ይህ ቤት 7.9 ሜትር የሆነው ቤተሰቡ 7.9 ሜትር ስለፈለገ አልነበረም። ማንም አልጠየቀም። ከክፍሎቹ ዝርዝር ቢጀመር ኖሮ ያው ሦስት መኝታ ቤት በ84 ካሬ ሜትር ፎቅ ላይ ከመጀመሪያውም ይገባ ነበር። ለአሠራር ቅደም ተከተል ደግሞ፣ ኋላ ለማፍረስ የሚከብደው ቀድሞ ይታይ። የወለል ከፍታ፣ ደረጃ፣ የጣሪያ ጠርዝ፣ የመስኮት አቀማመጥ፣ ጭስና ውኃ የሚወጣበት። ማቴሪያልና ቀለም ከሁሉም ኋላ ነው።

ለሚሠራ ቤተሰብ። ጎረቤትን ፕላን ከመግባቱ በፊት ማናገር ነው፤ ተቃውሞ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ሰው ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። ስትሄዱ የወለል ፕላን ይዛችሁ አትሂዱ። የእነሱ ግቢ ያለበትን ሴክሽን ያዙ። ጠይቁ፦ የት ትቀመጣላችሁ፣ የትኛው መስኮታችሁ ማታ ይከፈታል፣ የትኛውስ ክፍል ጸጥታ ይፈልጋል። መልሱን አርክቴክታችሁ ሳይት ፕላኑ ላይ እንዲጽፈው አድርጉ፤ በግራም በቀኝም፣ ከኋላም።